በጠራራ ፀሐይ የተነገረ መርዶ

ፅዮን መጀመሪያ ያየችው ካልሲውን ነው። ሌላው ሰው በቅድሚያ ፊቱን ያያል፤ ቀጥሎ ዓይኖቹ ሰው ላይ እንደማያርፉ ያያል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። እሷ ግን ቤት ቀይረው ዕቃቸውን ከአባቷ አይሱዙ ሲያወርዱ ትልቅ ትራስ ታቅፋ ነበር፤ ከትራሱ በታች የሚታያት መሬቱ ብቻ ነው። እዚያ መሬት ላይ፣ ከሲሚንቶው ደረጃ አጠገብ፣ ሁለት እግሮች አየች። ነጭ ካልሲ ለብሰዋል። ካልሲው ተገልብጧል፤ የጣቱ ስፌት ወደ ውጭ ወጥቶ ክሩ እንደ ድመት ጢም ቆሟል።

«ካልሲህን ገልብጠኸዋል» አለችው።

ዝም።

«ለምን ገለበጥከው?»

አሁንም ዝም። ፅዮን ተቀይማ ትራሷን ይዛ ገባች። በሦስተኛው ቀን ጀሪካን እየጎተተች በደረጃው ስታልፍ፣ ልጁ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፣ «ስፌቱ ይናከሳል» አላት።

ጀሪካኑን አስቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ጥያቄዋን ይዞላት ሲዞር ኖሯል! ፅዮን ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሷ ለጠየቀችው ነገር ሦስት ቀን ያሰበላት ሰው እስከዚያ ድረስ አልገጠማትም። ትልልቆቹ ጥያቄዋ ሳያልቅ ነው የሚመልሱላት።

ልጁ ባምላኩ ይባላል። በሁለት ዓመት ይበልጣታል። እናቱ ፀዳለ ከኮልፌ ገበያ ጀርባ ባለው በዚያ ግቢ፣ በስተኋላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባምላኩ ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለው የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ የኮት ገበር ቁራጭ በሁለት ጣቶቹ መሃል እያሻሸ ይውላል። ያች ለስላሳ ቁራጭ ከእጁ ስትጠፋ ግቢው በሙሉ ይፈልጋታል፤ እስክትገኝ ድረስ ማንም ሰላም አያገኝም።

ፀዳለ ያላደረገችው የለም። ሦስት ፀበል አዳርሳዋለች። አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ይዞት መለሰው፤ ሌላው ከበር መለሰው። አንድ ሐኪም ደግሞ ረጋ ብሎ አይቶት «ኦቲዝም ይባላል፤ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው» ብሎ ጽፎ ሰጣት። ወረቀቱን በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከመርፌዎቹ ጋር አስቀመጠችው። ለማን ታሳየዋለች? የግቢው ባለቤት እማማ ጥሩብርሃን ስሙን ሲሰሙ፣ «እና በቀን ስንቴ ነው የሚዋጠው?» ነበር ያሉት።

ባምላኩ የራሱ ቃል ጥቂት ነው። የሰው ቃል ግን ሞልቶታል። የሰማውን በሰማበት ድምፅ ይመልሰዋል፤ ሳሉ ሳይቀር፣ ትንፋሹ ሳይቀር። መውጣት ሲያምረው ከአስፋልቱ የለቀመውን የወያላ ድምፅ አውጥቶ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! አንድ ሰው የሞላ!» ይላል። ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይይዝና እንደ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮኻል። ይህን የፈታችው ፅዮን ናት። አንድ ቀን ጎረቤት ያለው የብረት ሥራ ቤት የበር ብረት ሲቆርጥ፣ ልጁ ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ እያለ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ አየችው፤ ሄዳ መስኮቱን ዘጋችለት። ዝም አለ። ፀዳለ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። አሥራ አንድ ዓመት ወልዳ አሳድጋው ያላወቀችውን ይቺ ሚጢጢ በአንድ ወር አወቀችባት።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረው፤ መዋሸት አይችልም። የማይፈልግ ሆኖ አይደለም፤ ያልሆነን ነገር መናገር የሚባለው ነገር ጭራሽ አልተሠራለትም። የጥምቀት ዕለት እማማ ጥሩብርሃን አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከደረጃው ሥር ቆሙ።

«ባምላኩ፣ አማረብኝ?»

«አይ።»

«አንተ! ጠበበኝ እንዴ?»

«አዎ።»

እማማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይሄን ልጅ እኮ ፍርድ ቤት ነው ማስቀመጥ! ምስክር ሁሉ ሥራ ይፈታ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ እውነት እንዲህ ታስቅ ነበር።

ሁለቱ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነው፤ ታክሲ። ደረጃው ታክሲ ነው፤ እሱ ወያላ፣ እሷ ተሳፋሪ። ከኮልፌ ይነሳሉ፣ ጦር ኃይሎች ይደርሳሉ፣ ይመለሳሉ። ፅዮን አንድ ቀን «ዛሬ ሜክሲኮ እንሂድ» ብትለው እስኪመሽ አለቀሰ፤ ሁለተኛ አላለችውም። አጠገቡ ስትቀመጥ አንድ ክንድ ያህል ትርቃለች። ብትቀርበው ይነሳል፤ ብትርቀው እሱ ራሱ ተንፏቆ ይመጣና ያችን አንድ ክንድ ያስተካክላል። የሰፈሩ ልጆች «የዝምተኛው ሚስት» እያሉ ሲያሾፉባት ድንጋይ አንስታ ታሯሩጣቸዋለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትሳፈራለች።

አባቷ ጌታሁን የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ቤተሰቡ ከቦንጋ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ወልደ አማኑኤል ኮልፌ ውስጥ ማርና ኮረሪማ በጅምላ ያከፋፍላሉ፤ ጭነቱን የሚያመጣው ጌታሁን ነው። ከጭነት ሲመለስ ሞተሩን እያጓራ ግቢው በር ድረስ መኪናውን ይዞ የመጣ ቀን ባምላኩ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ቀን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ጌታሁን አስፋልቱ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ለአንድ ጎረቤት ልጅ ሲል፣ ሻንጣውን በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን በእግሩ ይወጣ ነበር።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ለጋሽ ወልደ አማኑኤል ስልክ ተደወለ። የጌታሁን መኪና ግቤ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ነበር።

መርዶ ሥርዓት አለው። እንደ ወሬ በመንገድ አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛዋን የሚይዝ ይይዛታል፣ የሚደግፋት ይደግፋታል፣ ውኃው ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። ሰው ራሱን ጥሎ እንዳይጎዳ፣ ለብቻው ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ጋሽ ወልደ አማኑኤልም ይህንኑ አሰቡ። ሁለት የእድር ሰዎች ይዘው መጡና እማማ ጥሩብርሃንን ጠርተው ለመመካከር ፀዳለ ክፍል ገቡ፤ ክፍሏ ከኋላ ነው፣ የጌታሁን ሚስት ሰብሌ በሥራ ቀን እዚያ አትደርስም።

በኋላ ፀዳለ እያለቀሰች እንደተናገረችው፣ ከእድሩ ሰዎች አንዱ ወደ ጠረጴዛው ሥር በጣቱ አመልክቶ፣ «ልጁ አለ እኮ» ብሎ ነበር።

«እሱን ተወው» አሉ ጋሽ ወልደ አማኑኤል። «እሱ ምኑን ሰምቶት።»

ፀዳለ መቀሷን እንደያዘች ቆማለች። የልጇ ጆሮ ምን ያህል እንደሚሰማ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ሰው ሞቷል። ሰው ሞቶ ሳለ ስለ ልጄ ላውራ? ብላ አፈረች።

ፅዮን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው ተለውጦ ጠበቃት። እማማ ጥሩብርሃን ከዚህ በፊት ብስኩት ሰጥተዋት አያውቁም፤ ዛሬ አንድ ሙሉ ፓኬት ሰጧት። እናቷ ግቢው ውስጥ በባኞ አንሶላ ታጥባለች፤ ጌታሁን በማግስቱ ሊገባ ነው። ሁለት ጎረቤቶች ከግራና ከቀኝ ሆነው ካላጠብንልሽ ይሏታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» አለች ሰብሌ እየሳቀች። «ንግሥት ሆንኩ እንዴ? ስልኬንስ ምን አደረጋችሁት፣ እማማ?»

«የኔ አልሠራ ብሎ ልጄ ጋ ልደውልበት ነው፤ ምን ያስቸኩልሻል» አሉ እማማ። ስልኩ ጡታቸው ሥር ተሸጉጧል።

ጋሽ ወልደ አማኑኤል መጥተው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። ፅዮን «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ብትላቸው፣ «ጉንፋን ነው» አሉና ራሷን ዳበሷት፤ እጃቸው ራሷ ላይ ቆየ፤ በጣም ቆየ። እማማን ጠየቀች፤ «ምንም።» ከጎረቤቶቹ አንዷን ጠየቀች፤ «ምንም፣ የኔ ቆንጆ።» ሌላዋን ጠየቀች፤ ያቺ ፊቷን አዞረች። አንድ ግቢ ሙሉ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ደረጃው ሄደች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባምላኩ ደረጃው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል።

«ጦር ኃይሎች አለ?» አለችው።

መወዛወዙን ቀጠለ።

«አንተም ምንም ልትለኝ ነው?» አንድ ክንድ ርቃ ተቀመጠች። «ባምላኩ፣ ሰዎቹ ምን ሆነው ነው?»

ሦስት ቀን አልፈጀበትም። መወዛወዙን አቆመ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አጎቷ እንደሚጠርጉት። በአጎቷ ድምፅ፣ በአጎቷ እርጋታ፣ እንዲህ አለ፦

«እህም። ጌታሁን አልተረፈም። ግቤ ቁልቁለት ላይ እዚያው ነው ያረፈው። ሰብሌ ዛሬ እንዳትሰማ። ነገ ሊነጋጋ ሲል እንነግራታለን። ልጅቷን ከቀብር በኋላ፣ ቀስ ብለን።»

ባምላኩ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል፣ አሁን በራሱ በቀጭኑ ድምፅ፣ «ልጅቷ አንቺ ነሽ» አላት።

ከዚያ እናቱ ሳትቀር ልትነካበት የማትደፍረውን የገበር ቁራጭ ከጣቶቹ አላቅቆ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

ፅዮን አላለቀሰችም። ለማልቀስ መጀመሪያ እውነት መሆን ነበረበት፤ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ የምትችለው ደግሞ እናቷ ብቻ ናት። ስለዚህ ተነስታ ወደ ባኞው ሄደች።

«እማዬ፣ አባዬ ሞቷል?»

«ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ሰብሌ አረፋ የለበሰ እጇን ለጥፊ አነሳች። እጇ አየር ላይ እንዳለ፣ የዚህችን ልጅ አፍ ስሙልኝ ለማለት ወደ እማማ ጥሩብርሃን ዞር አለች። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ሌላ መርዶ ነጋሪ አላስፈለገም። ሰብሌ ጮኸች። ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ወደ በሩ ሮጠች፤ የሳሙናው ውኃ ሲሚንቶው ላይ ፈሶ ነበር፤ አዳለጣት። ግንባሯ የውኃ ጋኑን ጠርዝ መታ፤ ግራ እጇ ከሥሯ ቀረ። ሊይዟት የነበሩት ክንዶች ሁሉ ለነገ ጠዋት ነበር የተዘጋጁት።

ደሟን ሲያብሱ፣ እጇን በእንጨት ሲያስሩ፣ ጋሽ ወልደ አማኑኤል የፅዮንን ትከሻ ያዙ። «ማነው የነገረሽ?» አሏት። «ማነው ይሄን የሠራ?»

የእናቷን ግንባር ታያለች። ጥፋት እንደተሠራ ታያለች። አጥፊው እሷ እንዳትሆን ፈራች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ባምላኩ» አለች። በጣቷም አሳየች።

ከየት ሰማ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከየት እንደሰማ ያውቁ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ያውቁ ነበር፤ እንዲያውም ቁጣቸውን ያባሰው ይኸው ነው መሰለኝ።

ጌታሁን አርብ ተቀበረ። በሠልስቱ ከቦንጋ የመጡ ዘመዶች ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ፎቶው ከፍ አለ፤ ደረት ይመታል፤ ሙሾ አውራጇ ስሙን ትጠራለች፤ ድንኳኑ ይናወጣል። ፅዮን ሴቶቹ መሃል ተሸጉጣለች። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ባምላኩ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተጋጨ መጣና ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ ተቀመጠ። ለእሱ ያ ድንኳን ምን እንደነበረ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ገበያ መሃል እሳት እንደነደደበት ያህል ነው። ግን መጣ።

የቻለውን ያህል ቻለ። ከዚያ ተነስቶ ቆመና «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። የሩቆቹ ዘመዶች አንገታቸውን አቀኑ። «ይሳለቃል እንዴ?» አለ አንድ ሰው። «በሟች ይሳለቃል?» ሌላው ክንዱን ጨምድዶ ወደ ውጭ ጎተተው። ባምላኩ ሰው ሲነካው ምን እንደሚሆን ሰውዬው አያውቅም፤ ልጁ እጁን ነክሶት ደሙ ወጣ። ሰብሌ ግንባሯ በፋሻ እንደታሰረ ከፍራሹ ቀና አለች። «ያን ልጅ ከዓይኔ አርቁልኝ» አለች። «ሟርቱን ይዞ ከዚህ ግቢ ይውጣልኝ።»

በማግስቱ እማማ ጥሩብርሃን ፀዳለ በር ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ። «አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ሐዘንተኛዋ ከበር በወጣች ቁጥር እሱን ስታይ…»

«ገብቶኛል፣ እማማ» አለች ፀዳለ። ዓይኗን ከስፌቷ አላነሳችም። ከተማው ዳር ሳንሱሲ ያለች የአክስቷ ልጅ ግማሽ ክፍል እንድትሰጣት በስልክ ጠይቃ ጨርሳ ነበር።

ፅዮን የምትለውን ታውቅ ነበር። ስትታጠብ ትለዋለች፤ ሽንኩርት ስትልጥ ትለዋለች። ሰው ፊት ስትቆም ግን ይጠፋባታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የፀዳለ ጣቃና ጥቅል ከክፍሉ ሲወጣ ባየች ጊዜ ወደ ቤት ሮጣ ገባች። እናቷ ተጋድማለች፤ ጋሽ ወልደ አማኑኤል አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«ጠየቅኩት እኮ ነው» አለች ፅዮን። «እሱ ዝም ብሎ አልተናገረም። መጀመሪያ እርስዎን ጠየቅኩ፣ ጉንፋን ነው አሉኝ። እማማን ጠየቅኩ። ሁሉንም ጠየቅኩ። ሁላችሁም ምንም አላችሁኝ። እሱን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ።»

ጋሽ ወልደ አማኑኤል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ሥርዓቱ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ለእናንተ ተብሎ እኮ ነው።»

«እሱ ሥርዓቱን ማን ነግሮት?»

ሰብሌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አባትሽ ለእሱ ብሎ ዳገቱን በእግሩ ይወጣ ነበር» አለች። «እኔ ግን የመጨረሻዋን ቀኔን አንሶላውን እያጠብኩ፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ላድር ነበር። አንዲት ሌሊት ነበረችኝ። እሷን ነው የወሰደብኝ።»

ፅዮን ይህን አላሰበችውም ነበር። ለእሷ ከዚያ ግቢ ሙሉ ሰው ያከበራት ባምላኩ ብቻ ነበር፤ ለእናቷ ደግሞ የመጨረሻዋን ሌሊት የነጠቃት እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠው ቆሙ፤ አንዱ ሌላውን ማስወጣት አቃተው።

«ሂጂ ተሰናበቺው» አለች ሰብሌ፣ ፊቷን ሳትመልስ። «እኔ ጋ እንዳታመጪው ብቻ።»

ከበሩ ውጭ አንድ ተሸካሚ የስፌት መኪናውን በጀርባው አስተካክሎ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል። ፀዳለ ሁለት ፌስታል ይዛለች። ባምላኩ አዲስ ቦርሳ አንግቷል፤ ማንገቻው ስላልተመቸው ትከሻውን ያወዛውዛል።

ፅዮን ፊቱ ቆመች። «ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ» አለችው።

«አዎ» አለ ባምላኩ።

«ባልጠራህ ኖሮ አትሄዱም ነበር።»

«አዎ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው?»

ባምላኩ ከትከሻዋ በላይ ያለውን የቆርቆሮ አጥር አየ። «አዎ» አለ።

«ባምላኩ!» ፀዳለ ደነገጠች። ፌስታሎቹን ጥላ ፅዮንን ወደ ደረቷ ሳበቻት። «አትስሚው፣ የኔ ልጅ። አይገባውም። የሚለውን አያውቀውም እኮ።»

«ይገባዋል» አለች ፅዮን።

ፀዳለ እጇን ከልጅቷ ጀርባ ላይ አላነሳችም። ከዚያ ፌስታሎቿን ለቅማ «በል እንሂድ» አለችው።

ሄደ። በእግሩ ጣቶች እየረገጠ፣ በብረት ቤቱ በኩል ሲያልፍ ብየዳው እየበራ ስለነበረ አንገቱን ሰብሮ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ወረደ። እናቱ አንዴ ዞራ እጇን አወዛወዘች፤ እሱ አልዞረም። ማዞሪያው ጋ ሲደርስ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለና ከተሸካሚው ኋላ ወደ አስፋልቱ ታጠፈ።